አሚን እስኪደርስ

ትዕግሥት የሌለኝ ሰው ነበርኩ። የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። ሰው ወሬ ሲያረዝምብኝ «እሺ፣ ከዚያስ?» እያልኩ አቋርጣለሁ። ታክሲ እስኪሞላ መጠበቅ ስለማልወድ ከካዛንቺስ እስከ ደምበል በእግሬ እሄዳለሁ። የድምፅ መልእክት ሲላክልኝ ፍጥነቱን እጥፍ አድርጌ ነው የምሰማው። የገዛ እህቴን መልእክት እንኳ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስሰማ ኖሬ፣ በተፈጥሮዋ ቀስ ብላ የምትናገር ሰው መሆኗን ረስቼው ነበር። ከዚህ አመል ያላቀቀኝ አንድ እሁድ ነው፤ እሱን ልንገራችሁ።

ያኔ ካዛንቺስ ገና አልፈረሰም ነበር። የምንኖረው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነበር። ቧንቧው የጋራ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ የጋራ፣ በኋላም እኔ ያስገባሁት ኢንተርኔት የጋራ ሆነ። ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ማቀናበር ስለነበር ፈጣንና ያልተገደበ መስመር ነበረኝ። የይለፍ ቃሉን ለማንም ሳልነግር በሳምንቱ ግቢው ሁሉ አወቀው። የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ እንግዶች እንኳ ገና ሳይቀመጡ ስልካቸው ይገናኛል። አልተከፋሁም፤ አያልቅም ነበርና መስጠቱ አይከብደኝም።

አባቴ ጋሽ እንድሪስ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው፣ ግቢው በር ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ማሽናቸውን እየረገጡ አሳደጉን። ሰፈሩ የሚያውቃቸው ግን ከስፌታቸው ይልቅ በምርቃታቸው ነው። ሙሽራ ስትወጣ፣ ተማሪ ሲሸኝ፣ አዲስ ቤት ሲገባ «ጋሽ እንድሪስን ጥሩ» ይባላል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል ይጠራቸዋል። አይቸኩሉም ነበር። እጃቸውን ዘርግተው አንድ ቃል ይናገሩና ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ሰው ሁሉ «አሚን» ወይም «አሜን» ካላለ ወደ ሚቀጥለው አያልፉም። ጥግ ይዞ የሚያወራ ካለ ዞር ብለው ያዩታል፤ እሱም አፍሮ አሜን ሲል ይቀጥላሉ። እኔ ልጅ ሆኜ ይህ መጠበቅ ያንገበግበኝ ነበር። ምግቡ እየቀዘቀዘ ነዋ።

እኚህ ሰው የሰፈሩን ልጆች ሁሉ መርቀው ሲድሩ፣ የራሳቸውን ልጅ ግን አልመረቁም።

እህቴ ዘሃራ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስታርፍ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፊቴን ያጠበችኝ፣ ደብተሬን የለበደችልኝ እሷ ናት። አድጋ ነርስ ሆነችና ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ጋር ተዋደደች። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ሃይማኖቱም የኛው ነው። ችግሩ የተመደበበት ቦታ ነበር፤ ወደ ደቡብ፣ በአውቶብስ ሁለት ቀን የምታስኬድ፣ ዝናብ ሲጥል መንገዷ የሚዘጋ ትንሽ የቆላ ከተማ።

«ልጄን ለማልደርስበት አገር አልሰጥም» አሉ አባባ።

ዘሃራም በዚያ ቀስ ባለ ድምፅዋ «እኔ ግን እሄዳለሁ አባባ» አለች።

ክፉ ቃል አልተለዋወጡም። በሄደች ቀን አባባ ማሽናቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ፤ እጃቸውንም አልዘረጉም። እኔ የሰው ሁሉ ሠርግ የማቀናብረው ልጅ፣ የእህቴን ሠርግ የሚያሳይ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ የለኝም። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ አባባ ስለ እሷ የሚጠይቁኝ «እህትህ ደህና ናት?» ብለው ብቻ ነበር። እኔም «ደህና ናት» እላለሁ።

በዚያች ከተማ ተራ ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘሃራና ባሏ ሲም የሚገባበት የቤት ኢንተርኔት ገዝተው፣ አንቴናውን በረጅም እንጨት ጣሪያቸው ላይ አቁመው ነበር። ፓኬጁ የተወሰነ ነው። እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ የምጨርሰውን እሷ ወር ሙሉ ታብቃቃዋለች፤ ያም ሆኖ የምትከፍለው ከኔ ይበልጣል። ይህን ደጋግማ ነግራኛለች። እኔ ግን በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰው ነበር። «ለምን ፈጣን መስመር አታስገቡም?» እላታለሁ። እሷ ትስቃለች።

አባባ ልባቸው ታመመ። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል ብለው ለሰኞ ጠዋት ቀጠሯቸው። ዘሃራ ከወለደች ገና አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነበር፤ ወንድ ልጅ። እሷ አራስ ናት፣ መንገዱም ተዘግቷል፣ አባባም ከቤት እንዳይርቁ ተከልክለዋል። እሁድ ጠዋት ጠሩኝ።

«ሰዒድ፣ እህትህን አገናኘኝ። እሷን ሳልመርቅ እዚያ አልጋ ላይ አልተኛም።»

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ቢሆንም አመሌ አለቀቀኝም። «ድምፅዎን ልቅዳና ልላክላት አባባ። መስመራቸው ደካማ ነው፤ ድምፅ ግን በደቂቃ ይደርሳታል።»

«ቀድተህ?»

«አዎ። ስትፈልግ ደጋግማ ትሰማዋለች።»

«አሚን የምትለውስ?»

«ስትሰማው ትላላ።»

«እኔ ሳልሰማት?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሚን ያልተባለበት ምርቃት ወሬ ነው። ጊዜ ይፍጅ፣ አገናኘኝ።»

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ስደውል ዋልኩ። እስክሪኑ ላይ ያለችው የመጠበቂያ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ትቆማለች። ዘሃራ አጭር ጽሑፍ ላከች፤ ደመና ስለሆነ ከሰዓት እንሞክር የሚል። አባባ የአስርን ሶላት ሰግደው ሲጨርሱ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ላፕቶፔን ግቢው መሐል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እንደገና ደወልኩ። የዘሃራ ፊት ድንገት ብቅ አለ።

እዚህ ላይ ነው ጥፋታችን የጀመረው። የግቢው ሰው ሁሉ ወጣ። አባባም መጀመር ሲገባቸው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ሦስት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ያላዩት ልጅ ፊት ለፊታቸው ስትመጣ ፈሩ መሰለኝ። «እናንተ ቅደሙ፣ ሰላም በሏት» አሉ።

እትዬ አስካለ ጎንበስ አሉ። «ዘሃራዬ፣ እንዴት ነሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽ ደህና ነው? ልጁስ? ጡት ይጠባል? ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው? ማን ያርስሻል?»

የዘሃራ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» የሚደርሰው ግን ዘግይቶ ነው። የጤናዋ መልስ የባሏ ጥያቄ ላይ ያርፋል፣ የባሏ መልስ የሙቀቱ ላይ። እትዬ አስካለ መልስ ያላገኙ መስሏቸው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። እሳቸው ሲጨርሱ ሌላው ቤተሰብ ተተካ፤ አንድም ጥያቄ ሳይጎድል። ከዚያ «ልጁን አሳዪን» ተባለ። «ዓይኑን ይክፈትልን።» «አፍንጫው የማን ነው?» እኔም ባለሙያ ነኝና ከጀርባ ሆኜ አዛዣለሁ፤ «ዘሃራ፣ ወደ መስኮቱ ዙሪ፣ ብርሃን ይምታው። ጥራቱን ከፍ አድርጊው፣ ደብዝዟል።» እሺ ብላ ከፍ አደረገችው።

በመሐሉ ዓይኗ ደጋግሞ ወደ ጎን ይሄድ ነበር። ልጁን የምታይ መስሎኝ ነበር። ለካስ ባሏ በስልኩ ከፓኬጁ የቀረውን እያየ በምልክት ይነግራታል።

በመጨረሻ አባባ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ።

«ዘሃራ።»

መልሱ እስኪመጣ እስከ አምስት ይቆጠር ነበር። «አቤት አባባ።»

«ልጅሽን አየሁት።»

አሁንም አምስት። «እርስዎን ይመስላል።»

«ጆሮው ብቻ ነው» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ትንሽ ቆይቶ የእሷም ሳቅ ደረሰ።

አባባ እጃቸውን ዘረጉ። ሁላችንም ዘረጋን። እስክሪኑ ላይም ዘሃራ ልጁን ለባሏ አቀብላ ሁለት እጇን ዘረጋች። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ነገር ነበር።

«ከፊቴ ራቅሽ እንጂ ከልቤ አልራቅሽም። የረገጥሽው ምድር ይባረክልሽ።»

እኛ «አሚን» አልን። አባባ ዝም ብለው እስክሪኑን ያያሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። «አሚን» አለች ዘሃራ።

«እጅሽ የዳሰሰው በሽተኛ ይዳን።»

ዝምታ። አሚን።

«ልጅሽ አድጎ ይጡርሽ። የቆላው ወባ ደጅሽን አይርገጥ።»

ዝምታው ረዘመ። ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ። አላስችል አለኝ። «አባባ፣ ዝም ብለው ይቀጥሉ፣ አሚኑ ከኋላ እየተከተለ ይመጣል።»

አንዴ ብቻ አዩኝ። ጥግ ይዞ የሚያወራውን ሰው የሚያዩበት አስተያየት ነበር። አፌን ዘጋሁ። አሚኑም ደረሰ፤ ድምፁ እንደ መሳሳት ብሎ።

«አላህ በሕይወት፣ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።»

ይህ ምርቃት ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ነገ ጠዋት ደረታቸው ሊከፈት ነው። «አሚን» አልን፣ ከበፊቱ ጮክ ብለን። አባባ እየጠበቁ ነው። እስክሪኑ ላይ ዘሃራ እጇን እንደዘረጋች ደርቃ ቀረች። አምስት ቆጠርኩ። አሥር ቆጠርኩ። ከዚያ ምስሉ ጠፋ።

ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይጠራም። ጽሑፍ ላክሁ፤ አልደረሰም። «ተቋርጧል አባባ። ፓኬጁ ያለቀባት ይመስለኛል።»

«አሚን አላለችም» አሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት እንጂ መዳፋቸውን አልገለበጡትም፤ ምርቃት ሲቋጩ እንደሚያደርጉትም ፊታቸውን አላበሱም።

«እኛ ብለናል እኮ።»

«የተመረቀችው እሷ ናት።»

እትዬ አስካለ ግራ ገባቸው። «ምኑ ነው ያለቀው?»

«ኢንተርኔቱ። የእነሱ እንደ እኛ አይደለም፣ እየተለካ ነው የሚሰጠው። ወሬውም ምስሉም ከእሱ ላይ ይቀነሳል።»

«እና እኔ የሙቀቱን፣ የምኑን ስጠይቅ የበላሁት እሱን ነው?» ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። «በቃ፣ እያለቀ ነው ብላ ለምን አትነግረንም?»

«ሰላም የሚላትን ታላቅ ሰው እንዴት ብላ ታቋርጥ?» አሉ አባባ። «እንደዚያ አድርጌ አላሳደግኳትም።»

እትዬ አስካለን ማንም አልወቀሳቸውም። ጥራቱን ከፍ አድርጊው ያልኩት እኔ ነኝ። የማያልቅ መስመር ለምጄ፣ የሚያልቅ መኖሩን ረስቼ።

ሰዓቱ አሥራ አንድ አልፏል። የመግሪብ አዛን ሲል አባባ ለሶላት መነሳታቸው አይቀርም፤ ከተነሱም የጀመሩት ምርቃት ሳይቋጭ ይቀራል፣ ነገም ያንን ይዘው ይሄዳሉ። ከስልኬ ፓኬጅ ገዝቼ ልልክላት እችላለሁ። ግን የማውቀው የእጅ ስልኳን ቁጥር ነው፤ የኢንተርኔቱ ሲም ሌላ ቁጥር አለው። ባሏ ጋ ደወልኩ፤ ኮረብታው ላይ አይደለምና አይገኝም። በኋላ እንደሰማሁት እሱም ካርድ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ነበር፤ እሁድ ስለሆነ ሁሉም ተዘግቶበት ባዶ እጁን ተመለሰ።

ድንገት ትዝ አለኝ። ከዓመት በፊት ይሁን ከሁለት፣ ዘሃራ በድምፅ መልእክት የሲሙን ቁጥር ነግራኛለች፤ ካርድ እንድልክላት ጠይቃኝ። የቱ መልእክት ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም። አባባ አጠገብ ተቀምጬ አንድ በአንድ መክፈት ጀመርኩ። እጄ በልማዱ ፍጥነቱን እጥፍ አደረገው። እንደ ወፍ ጫጫታ ሆኖ ቁጥር ይሁን ቃል የማይለይ ነገር ወጣ። አባባ ፊታቸውን አዞሩ።

«ይቺ ማን ናት?»

«ዘሃራ ናት።»

«አይደለችም» አሉ። «ልጄ እንዲህ አትናገርም።»

ፍጥነቱን ወደ ቦታው መለስኩት። ያ ቀስ ያለው፣ በየቃሉ መሐል የሚያርፈው ድምፅ ግቢው ውስጥ ገባ። «ሰዒዴ፣ እንዴት ነህ። ዛሬ ገበያ ነበር። ማንጎ ስገዛ አባባ ትዝ አሉኝ፤ ልጣጩን በአንዴ ሳይበጥሱ ሲልጡት።» ቀጣዩን ከፈትኩ። «አባባ ስለ እኔ ይጠይቃሉ? ባለፈው ጠይቄህ አልመለስክልኝም። ቢቆጡም ግድ የለም፣ ይቆጡ፤ መጠየቃቸውን ብቻ ንገረኝ።» ከዚህ በኋላ መልእክቱ ረጅም ዝምታ አለው። እኔ በእጥፍ ፍጥነት ስሰማ ዝምታው ራሱ አልታወቀኝም ነበር። ለዚህ ጥያቄዋ የላክሁት መልስ ከሥሩ ይታያል፤ የአውራ ጣት ምልክት።

የአባባ መዳፎች እንደተዘረጉ ናቸው፣ እንባቸው ግን ይወርዳል፤ ሊጠርጉት ደግሞ እጃቸውን አላነሱም። እትዬ አስካለ ተጠግተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸው። እኔ መሬት አልዋጠችኝም እንጂ የምገባበት ጠፍቶኝ ነበር።

መልእክቶቹን መዝለል ግን አልቻልኩም፤ ቁጥሩ በየትኛው ውስጥ እንዳለ አላውቅማ። ስለዚህ የሦስት ዓመት ድምፅዋን በራሷ ፍጥነት አባቷ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አንቴናው እንጨት፣ መጀመሪያ ስላረገዘችውና ሳይቆይ ስለወረደባት ጽንስ። ያንን እኔ ሰምቼዋለሁ ተብሎ ነው የሚታሰበው። አልሰማሁትም ነበር።

ቁጥሩን ያገኘሁት ግቢው መደብዘዝ ሲጀምር ነው። አንድ አንድ እያለች፣ በየሁለት ቁጥሩ እያረፈች ትቆጥረዋለች። ጽፌ ፓኬጁን ገዝቼ ላክሁላት። ከዚያ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም፤ ዝም ብዬ መቀመጥ ብቻ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልነካካ ጠበቅሁ።

ስልኬ ጮኸች። ጥሪ አይደለም፤ ሦስት ሰከንድ የምትሆን የድምፅ መልእክት ናት። ከፈትኳት።

«አሚን።»

የእሷ ድምፅ፣ ከኋላው የባሏ፣ ከዚያ የማላውቃቸው የብዙ ሰዎች፣ በመጨረሻም የሕፃን ልቅሶ። በኋላ ስትነግረኝ የመጨረሻውን ቃል ሰምታዋለች፤ ሃያ ጊዜ ያህል አሚን ብላለች፤ የሚሄድላት ግን አልነበረም። ጎረቤቶቿ ሊጠይቋት ሲመጡ እጇን እንደዘረጋች አግኝተዋት፣ ነገሩን ሲሰሙ እነሱም ዘርግተው አብረዋት ተቀምጠዋል።

አባባ ሁለት መዳፋቸውን ቀስ ብለው አንስተው ፊታቸውን አበሱ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

«አባባ፣ ይሄም እኮ የተቀዳ ነው» አልኳቸው፤ እንባዬን ለመደበቅ መቀለዴ ነበር።

«የኔ ቃል ሰው ፊት ተብሏል» አሉ ሲነሱ። «የሷ ደግሞ እስካሁን መንገድ ላይ ነበር።»

የመግሪብ አዛን ተሰማ።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለፈ። መንገዱ ሲደርቅ ዘሃራ ልጇን አዝላ ግቢው በር ላይ ቆመች፤ አባባ ማሽናቸውን አቁመው ወጡ። ከዚያ ደግሞ ግቢው ራሱ ፈረሰ። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ የእትዬ አስካለ ቤት የት ጋ እንደነበር ለመለየት ቆም ማለት አለብኝ፤ የአባባ ክፍል የነበረበት ቦታ ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው። የግቢው ሰው በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፤ ሁላችንም የየራሳችን የይለፍ ቃል አለን። ማንም የማንንም አያውቅም።

የዘሃራ ከተማ ኢንተርኔት ከዚያ ወዲህ ትንሽ ተሻሽሏል ትላለች፤ ዋጋው ግን እንዳለ ነው። እናንተም ሩቅ ቦታ የሚኖር ሰው ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ድምፁ ሲቆራረጥ «አይሰማም፣ በኋላ እንደዋወል» ብላችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት እስከ አምስት ቁጠሩ። የሚያወራችሁ ምን ያህል እየከፈለ እንደሆነ ጠይቁት፤ ይሉኝታ ይዞት ራሱ አይነግራችሁም። መልእክቱንም በራሱ ፍጥነት ስሙት። እኔ ስንት ነገር እንዳለፈኝ ዛሬም አላውቅም።

አባባ ያረፉት ባለፈው ዓመት ነው። ዘሃራ በሦስተኛው ቀን ከነልጇ ደረሰች። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ለአባባ ዱዓ ሲደረግ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አሚናችን እኩል ወጣ፤ የዘገየ አልነበረም። ሰው ፊቱን አብሶ እጁን ሲያወርድ እኔ አላወረድኩም። ዘሃራ ዞር ብላ አየችኝና እሷም መልሳ ዘረጋች። የአባባን አሚን እስከ አምስት ጠበቅን።